ለሬዲዮ ሪሻዮን የከፈልኩት

«እትዬ የሺ፣ የሬዲዮ ሪሻዮን ለማመልከት ስንት ያስከፍላል?»

ይህን ብላ የደወለችልኝ ሂላ ናት። ሂላ እዚሁ ሮቫ ቫቭ ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር የአንድ ልጅ እናት ናት። ወደቡ ላይ ሥራ አግኝታ፣ ሪሻዮኑን ማለትም የሬዲዮ መገናኛ ፈቃዱን ካላመጣሽ አንቀጥርሽም ብለዋታል። ባለቤቴ አስረስ ካረፈ ብዙም አልቆየም ነበርና ስልክ አንስቼ ከሰው ጋር ማውራት ገና ይከብደኝ ነበር።

«ክፍያውማ መሥሪያ ቤቱ ጽፎታል፤ እሱን ከስልክሽ ላይ ታገኝዋለሽ» አልኳት። «ሌላ ክፍያ አለ፤ እሱን ግን ማንም የጻፈው የለም። ልንገርሽ?»

ሂላ መለሰችልኝ። አመላለሷ አሳቀኝ። ከሺቭዓው፣ ከሰባቱ የሐዘን ቀናት ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ምን አልኩ?» አለች ደንግጣ።

«ምንም አላልሽም። ያሳቀኝ እሱ ነው» አልኳት።

ያሳቀኝ ምን እንደሆነ ቦታው ሲደርስ ይገባችኋል። ለእሷ በስልክ ጀምሬው ስላላለቀልኝ መጻፍ ያዝኩ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ጥቂት መስመር ጽፌ መነጽሬን አወልቃለሁ፤ ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነውና ዓይኔ እየሄደ እዚያ ላይ ያርፍብኛል። ከዚያ መልሼ አጠልቃለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ወደቡ በር ላይ፣ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ነው። ከጎንደር ስንመጣ አሥረኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር ፊደልና ቁጥር አላስቸገረኝም፤ ዕብራይስጡን ደግሞ ከሾፌሮች ጋር እየተጣላሁ ተማርኩት። መኪናው ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ እኔ በትንሽ የእጅ ሬዲዮ ታርጋውንና ክብደቱን ለውስጥ ሰዎች አነባለሁ። ዝናብ ሲሆን ሸራው ውኃ ይጠጣና ክብደቱ ይዋሻል፤ ስለዚህ ሸራውን በእጄ ዳብሼ «እርጥብ ነው» ብዬ እጨምር ነበር። ይህን ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ሳልቸኩል ነበር የማነበው።

ድርጅቱ ጎታች ጀልባዎችም ነበሩት፤ ትልልቆቹን መርከቦች ገመድ አስረው ወደ ወደቡ የሚያስገቡ። የጀልባዎቹ ካፒቴኖች የኔን ንባብ በሬዲዮ ይሰሙ ነበር። አንድ ቀን አለቃችን ጋቢ ራሱ ወደ ሚዛኑ ወረደ። ጋቢ ሰላምታም ሲሰጥ የሚጮህ፣ የሰው ስም የማይይዝ ሰው ነበር።

«ያቺ ቁጥር የምታነበው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ካፒቴኖቹ ከዚህ ሁሉ ሰው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማን እያሉ ጨቀጨቁኝ። ላሪሳ ከበጋው በኋላ ጡረታ ትወጣለች። ሪሻዮን ካመጣሽ የሬዲዮ ክፍሉ ወንበር ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ከውጭ ሰው እቀጥራለሁ፤ አንቺም እዚሁ ከጭስሽ ጋር።»

«የማመልከቻውን ድርጅቱ ይከፍላል?»

«ካለፍሽ ይመለስልሻል» አለና እየጮኸ ሄደ።

ወንበሩን ፈለግሁት። መደበቅ አያስፈልግም፤ በጣም ፈለግሁት። ሚዛኑ ላይ ቀኑን ሙሉ የመኪና ጭስ እውጣለሁ፤ የሬዲዮ ክፍሉ ግን ከሕንፃው አናት ላይ ሆኖ በመስኮቱ ማዕበል መከላከያ ግድቡ እስከ ጫፉ፣ ከዚያም ባሕሩ ይታያል። ከእኛ አገር ሰዎች እዚያ ወጥቶ የተቀመጠ አልነበረም።

ላሪሳ የመጣችው ከኦዴሳ ነው። በወጣትነቷ በጭነት መርከቦች ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆና ባሕር ለባሕር ዞራለች። ወደ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ ጫማዋን ታወልቃለች። ከማይክሮፎኑ ጀርባ ትንሽ የግድግዳ መስታወት ለጥፋለች፤ ለመኳኳያ መስሎኝ ነበር። «ተቀመጭና ራስሽን እያየሽ ተናገሪ» አለችኝ። «ፊት ለፊቱ ሰው የሚያይ አይጮህም፤ አየር ላይ የጮኸ ደግሞ አይሰማም።»

ዋናው ትምህርቷ ስለ ጣት ነበር። ቁልፉን ትጫኛለሽ፤ ትጠብቂያለሽ፤ ከዚያ ትናገሪያለሽ። ካልጠበቅሽ የመጀመሪያው ቃል ተቆርጦ ይቀራል፤ «አትምጡ» ያልሽው «ምጡ» ሆኖ ይደርሳል። ከንፈርሽን ከማይክሮፎኑ ትንሽ ወደ ጎን ታደርጊያለሽ፤ ፊት ለፊት ከተናገርሽ ትንፋሽሽ እንደ ነፋስ ይገባበታል። ሰው ሲጨነቅ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቂውና ዝም ትያለሽ። «ሁለት ጥያቄ አብረሽ ከጠየቅሽ ለየትኛው እንደመለሰ አታውቂም» ትል ነበር፤ ይህን ስትል ዓይኗን ጨፍና ነው፤ ስታዳምጥም እንደዚያው።

ከሚዛኔ ተራ በኋላ በየቀኑ እየወጣሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ትናገራለች፤ እኔ እሰማለሁ። ያን ሁሉ ወር ደህና ተግባባን ብዬ ነበር።

ማመልከቻውን አስገብቼ፣ ክፍያውን ከፍዬ፣ ፈተና ተቀመጥኩ። የጽሑፉን አለፍኩ። የቃሉ ፈተና ግን በሁለት ክፍል ነው፤ ፈታኙ በአንደኛው ተቀምጦ መርከብ ይሆናል፤ አመልካቹ በሌላኛው ጣቢያ ይሆናል። አይተያዩም። መርከቡ ሞተር ክፍሌ ተቃጠለ አለ፤ ያለበትን ቦታ ነገረኝ፤ ስንት ሰው እንደያዘ ነገረኝ። ሁሉንም መልሼ አነበብኩለት፤ አንድም አልሳትኩም። በልቤ ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ጣቢያ» አለ ፈታኙ፣ «ጎታች ጀልባ እየላካችሁልኝ ነው?»

መለስኩ።

«ጣቢያ፣ ጎታች ጀልባ እየላካችሁልኝ ነው?»

አሁንም መለስኩ። ሦስተኛ ጠየቀ፤ ሦስተኛ መለስኩ። በሩ ተከፈተና ፈታኙ፣ መነጽሩ ወፍራም የሆነ፣ ትሁት ሰው፣ ብቅ አለ።

«እመቤት፣ ለምን አትመልሺልኝም?»

«መለስኩ እኮ!»

«እኔ ዝምታ ነው የሰማሁት። የሚቃጠል መርከብ ዝም አይባልም።»

ወደቅሁ።

በአውቶቡሱ መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየሁ መጣሁ፤ ያየሁት ነገር ግን የለም። አስረስ በሩን ሲከፍትልኝ ፊቴን አይቶ ገባው። «ቀለማችንን አይቶ ነው» አለ። እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። እንዲያ ያለ ነገር በሌላ ቦታ ያላየን ሰዎች ብንሆን ኖሮ ሐሳባችን ወደዚያ አይሮጥም ነበር። «ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከቢሮው በር አልነሣም» ሲል፣ «ተው፣ ሪሻዮን በሽማግሌ አይሰጥም» አልኩት።

በማግሥቱ ለላሪሳ ነገርኳት። ተቆጣች፤ ስልክ ልታነሣ ሄደችና መለስ አለች። «ቆይ» አለች፤ «መጀመሪያ እኔ ልስማ።» የእጅ ሬዲዮ ሰጥታኝ ደረጃው ላይ ወጣሁ፤ በሩን ዘጋችው።

«ጣቢያ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለች።

መለስኩ። ደግማ ጠየቀች። መለስኩ። በሩ ተከፈተ። ላሪሳ አጠገቤ መጥታ አፌን አፌን እያየች፣ «የሺ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለችኝ። መለስኩላት።

«ይኸው! ይኼ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ስናገር ሁልጊዜ የምታደርጊው! ትንፋሽሽን ሳብ ታደርጊያለሽ! አሁንም ደነገጥሽ!»

«አልደነገጥኩም። አዎ አልኩሽ።»

ላሪሳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ ልብሽን የሚያምሽ መስሎኝ» አለች። «ያን ሁሉ ወር! ጋቢን ጠርቼ፣ እባክህ አትጩህባት፣ ይህች ሴት በትንሹም ትደነግጣለች ብዬዋለሁ!» ሳቅን። ጋቢ ሽቅብ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ እስኪጮህ ድረስ ሳቅን።

ነገሩ ይህ ነው። እኛ አገር ሰው ሲናገር አዳማጩ «አዎ» የሚለው ትንፋሹን በአጭሩ ወደ ውስጥ ስቦ ነው። «ተከትዬሃለሁ፤ አለሁ፤ ቀጥል» ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ደግሞ አክብሮት ነው፤ ንግግሩን በድምፅ አትቆርጥበትም። ማንም አያስተምረንም፤ ማድረጋችንንም አናውቀውም። ሚዛኑ ላይ ሳለሁ አነባለሁ እንጂ «አዎ ወይስ አይደለም» የሚለኝ ስላልነበር አልታወቀብኝም። ሬዲዮ ግን የሚወጣን ድምፅ እንጂ የሚገባን ትንፋሽ አይወስድም። ፈታኙ እውነቱን ነበር። እሱ ዝምታ ሰማ፤ እኔ ሦስት ጊዜ አዎ ብያለሁ።

ማወቅና መተው ለየቅል ናቸው። የማያውቁትን ልማድ በምን ይዘው ይጥሉታል? አስረስ ዘዴ አመጣ። እኔ ወጥ ቤት፣ እሱ መኝታ ቤት፣ በሩ ይዘጋል፤ እሱ መርከብ ይሆናል። ትንፋሽ የሳብኩ እንደሆነ መጥረጊያ ይዞ በሩን ይደበድባል፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። «አንች፣ መርከቡ ሰመጠ!» ይለኛል። «አሁንም ሰመጠ! ይህች አገር በአንች ምክንያት መርከብ ሊያልቅባት ነው!»

አብራን የምትኖረው እናቱ፣ እማማ ጥሩ፣ ከሁሉ የባሰ ከበዳት። ቀኑን ሙሉ እሷ ትናገራለች፤ እኔ ደግሞ ልማዱን ልሰብር ብዬ በተናገረች ቁጥር «አዎ!» እላለሁ ጮክ ብዬ። «ዛሬ ሙቀቱ በርትቷል» ስትል «አዎ!» «እግሬን ሲቆረጥመኝ አደረ» ስትል «አዎ፣ ተቀብያለሁ!»  እሷም ከሮቫ ዛይን ሰፈር ወንድሟን አባ ባይህን አስጠራች። ከምኵራብ መልስ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው መሐል ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ከአማትሽ ጋር ምን አጋጫችሁ?»

«ኧረ አልተጋጨንም፣ አባ!»

«ልጄ ድሮ ስናገር ትከተለኝ ነበር» አለች እማማ ጥሩ ከጥግ ሆና። «አሁን አፌን ትዘጋዋለች። ሰልችታኛለች። ምን እንዳስቀየምኋት ትንገረኝ።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለአባ ባይህ ከሥሩ አስረዳኋቸው፤ ሪሻዮኑን፣ ፈታኙን፣ ሁለቱን ክፍሎች። እሳቸውም በየዓረፍተ ነገሩ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ እየሳቡ፣ እየሳቡ አዳመጡኝ። አስረስ መታገሥ አቃተው።

«ይኸው! ይኸው! አባ፣ ራስዎ!»

«ምን አደረግሁ?» አሉ።

«አሁን እርስዎ ቢሆኑ ወድቀዋል!»

ቤቱ በሳቅ ተነቃነቀ። አባ ባይህ ሲያበቃላቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ፍርድ ሰጡ፤ «እንግዲያው ለመርከቡ ድምፅ ይሰጥ፤ ለአማት ትንፋሽ ይሰጥ።»

ግን አልሆነልኝም። አንድ አፍ ነው ያለኝ፤ ለቤትና ለአየር ልከፍለው አልቻልኩም። ለእማማ ጥሩ ትንፋሽ የሳብኩ ቀን በሬዲዮውም ይወጣብኛል። ይህን ያየችው ራሷ ናት። አንድ ጠዋት እጄን ይዛ፣ «ተይው ልጄ» አለችኝ። «ለእኔም ጩሂብኝ። እኔም መርከብ ነኝ በይ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ፣ «እኔ መርከብ ነኝ! እሳት ይዞኛል! ትመጭ እንደሁ ተናገሪ!» እያለች ታሠለጥነኝ ጀመር። ከአስረስም ትብስ ነበር፤ አንድ እንኳ አታልፈኝም።

በድጋሚ አመለከትኩ፤ በድጋሚ ከፈልኩ። ያው ፈታኝ ገጠመኝ። መርከቡ ተቃጠለ፤ ቦታውን ነገረኝ፤ መልሼ አነበብኩ።

«ጣቢያ፣ ጎታች ጀልባ እየላካችሁልኝ ነው?»

ትንፋሼ ወደ ውስጥ ሊሄድ ሲነሣ ተሰማኝ፤ እውነቴን ነው፤ ደረቴ ድረስ መጣ። የእማማ ጥሩ ድምፅ ታወሰኝ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ጠበቅሁ፤ «አዎ። ጀልባው እየመጣልህ ነው። ብቻህን አይደለህም» አልኩት። የመጨረሻዋ ቃል መጽሐፉ ላይ የለችም፤ ከራሷ ወጣች።

በሩ ተከፈተ። ፈታኙ ፈገግ ብሏል። «ባለፈው የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ» አልኩት። «አልሰማኸኝም እንጂ።»

ሪሻዮኑ ሲመጣ እማማ ጥሩ እልል አለች፤ ደረጃው ሁሉ ሰማ። ጋቢ የሁለተኛውን ክፍያ መለሰልኝ። የመጀመሪያውንስ ስለው፣ «እሱ የትንፋሽሽ ነው፤ ራስሽ ቻይው» ብሎኝ ሄደ። ላሪሳ በመጨረሻ ቀኗ ጫማዋን አጠለቀች፤ መስታወቷን ግን አልነቀለችም። «እሱ የክፍሉ ነው» አለችኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም ከዚያ የነቀነቀኝ የለም።

ስለ ብዙ ማዕበል መጻፍ እችላለሁ፤ አንዱን ብቻ ልጻፍ። በአንድ ክረምት ባሕሩ ከግድቡ በላይ ሲዘል፣ በአደጋ መስመሩ ላይ «ጭ» የሚል ድምፅ መጣ። ከጎኔ የነበረው ተረኛ ባልደረባዬ ዝናቡ ነው አለ። ካፒቴኖቹም ዝናቡ ነው አሉ። እኔ ግን መልስ ስሰጥ አልሰማንሽም የተባልኩ ሰው ነኝ፤ ዝም ያለውን ሁሉ የለም አልለውም። ተጫንኩ፤ ጠበቅሁ። «የምትሰማኝ ካለህ ቁልፉን አንዴ ተጫን» አልኩ። ዝም አልኩ።

ጭ።

ባልደረባዬ ወንበሩን ሳበ። አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝምታ። «ከግድቡ በስተ ደቡብ ነህ?» ጭ። «ሞተርህ ይሠራል?» ዝም። «በሰው ቁጥር ልክ ተጫን።» ጭ፣ ጭ። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ማዕበሉ ማይክሮፎናቸውን ሰብሮት ቁልፉ ብቻ ቀርቶላቸዋል። ጎታች ጀልባው እስኪደርስ ድረስ ስጠይቅና «ጭ» ሲሉኝ ቆየን። ሁለቱም በሕይወት ገቡ። ከቀናት በኋላ አንደኛው፣ ሽበታም ሰው፣ በባልዲ ዓሣ ይዞ ደረጃውን ወጣ። «የጠየቀችኝ የትኛዋ ናት?» አለ። ጋቢ ወደኔ ጠቆመ፤ «የሺ ናት። ድሮ እሷም ልክ እንዳንተ ነበረች!» ስሜን ጠርቶ ያስተዋወቀኝ ያን ቀን ነው።

ዛሬ ሥራው ተለውጧል። መርከቦቹ በመስኮቱ ሳይታዩ በስክሪኑ ነጥብ ሆነው ይታያሉ፤ ብዙው ነገር ተጽፎ ይመጣል። ሆኖም ሪሻዮኑ አልቀረም፤ የቃሉ ፈተናም አልቀረም።

ያን ማንም ያልጻፈውን ክፍያ ቤቴ ውስጥ ሲጠይቀኝ የኖረ አስረስ ነው። «አንች፣ ወደቡ ላይ ከወጣሽ ወዲህ ስናገር ትንፋሽ አትስቢልኝም» ይለኝ ነበር፤ በቀልድ ይጀምረዋል፣ በቀልድ አይጨርሰውም።

«አዎ እልሃለሁ እኮ!»

«አዎማ መርከቡም ያገኘዋል።»

ልማዱን ልመልስለት ሞክሬ ነበር፤ አስቤው ስስብ ግን ሐሰት ይሆናል፤ እሱም ያውቅብኛል። ያ ትንፋሽ ሄዷል ብዬ ተውኩት።

ሳንባው ሲደክም ሐኪም ቤት ገባ። አፉ ላይ የኦክስጅን ጭምብል ተደረገለት፤ መናገር አቃተው። እጁንም ማንሣት አቃተው። ልጆቻችን ምን እንደሚፈልግ እየተሽቀዳደሙ ይጠይቁታል፤ እሱ ጣራውን ያያል። አስወጣኋቸው። ወንበሬን አስጠጋሁ፤ ጫማዬንም አወለቅሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝምታ።

«ውኃ ልስጥህ?» ምንም።

«ያምሃል?» ምንም።

«ትሰማኛለህ?»

ጭምብሉ ውስጥ ትንፋሹን በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳበ።

ነርሷ ሮጣ መጣች። «አየር አጠረው! ታፈነ!» ብላ መሣሪያውን ልትነካ ስትል እጇን ያዝኩ።

«አልታፈነም» አልኳት በዕብራይስጥ። «አዎ እያለኝ ነው።»

«ምን?»

«አዎ እያለኝ ነው። ቆይ፣ ስሚ።» ወደሱ ዞርኩ። «አስረስ፣ ልጆቹን ላስገባቸው?»

ሳበ። ነርሷ እጇን ከመሣሪያው ላይ አነሣች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እሷም እንደኔው እየጠየቀች ትሰማው ነበር፤ ልጆቹም ተሰልፈው አንድ አንድ እየጠየቁ ተሰናበቱት፤ እሱም ለእያንዳንዳቸው መለሰ። ሳይሰማ የቀረ ጥያቄ የለም። ያ ፈታኝ ቢኖር ኖሮ፣ ይኸው ጣቢያ መለሰ እለው ነበር።

ሲመሽ ዓይኑን ወደኔ አዞረና አየኝ፤ አስተያየቱ ጥያቄ ነበር። «አለሽ?» ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አፌን ለመልስ ስከፍት «አዎ» አልወጣም። ትንፋሼ፣ ስንት ዘመን የጠፋው፣ ሳላስበው ወደ ውስጥ ሄደ። አስረስ ሰማው። ከጭምብሉ ሥር ጉንጩ ሲነሣ አየሁት፤ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ሂላ፣ «ልንገርሽ?» ብዬ ስጠይቅሽ በስልኩ ውስጥ የሰማሁት ይህን ነው። ምንም አላልሽም፤ ትንፋሽሽን ሳብሽ። እዚህ ተወልደሽ፣ እዚህ ወታደር ሆነሽ፣ ከእናትሽ ሳታውቂው ወርሰሽዋል። ፈታኙ አይሰማሽም። ሐሙስ ልጅሽን ይዘሽ ነይ፤ የላሪሳን የመሰለ መስታወት ወጥ ቤት ተለጥፏል፤ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፤ መጥረጊያውም አለ። ጮክ ብለሽ አዎ እስክትይኝ ድረስ ስንት መርከብ ቢሰምጥ ይስመጥ። ተምረን ስንጨርስ በሩን ከፍተን እንቀመጣለን፤ ያኔ ስነግርሽ እንደ ፈለግሽ ሳቢልኝ። እኔ እሰማሻለሁ።